ሱፍን በዕፅዋት ቀለም ነክሮ ሻርፕ መሥራት

መጀመሪያ የነከርኩት ሱፍ ግማሹ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ደግሞ የገረጣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። የሽንኩርት ልጣጩ አንሶ ይሆናል ብዬ ጨምሬ ደገምኩት። ያው ሆነ። ቀለሙ ላይ ምንም ጥፋት እንዳልነበረ የገባኝ ሱፉ ከደረቀ በኋላ በጣቴ ሳሸው ነው። የገረጣው ቦታ ሁሉ ይጣበቃል። የበጉ ስብ አልለቀቀም ነበር። ስብ ባለበት ውሃ አይገባም፤ ውሃ ካልገባ ቀለም ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሱፍ መንከር መማር ለሚፈልግ ሰው የምለው ይህን ነው፦ ለቀለሙ አትቸኩሉ። ቀለሙ የሚወሰነው ከዚያ በፊት፣ ሱፉ ሲታጠብና ቀለም ማስያዣውን ሲጠጣ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በደንብ ከሠራችሁ ተራ የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ የሚያምር ነገር ይሰጣችኋል።

ከዚህ በታች ያልታጠበ የበግ ሱፍ ይዘን ተነስተን አንድ ባለ ሦስት ቀለም ሻርፕ እስክንጨርስ ድረስ አብረን እንሄዳለን። ለምሳሌ እንዲመች ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሱፍ ይዘናል እንበል።

ለምን ያልተፈተለ ሱፍ?

የተፈተለ ክር መንከርም ይቻላል። እኔ ግን ገና ያልተፈተለውን እመርጣለሁ። ክር ላይ ቀለሙ ዥጉርጉር ከሆነ ሹራቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያልተፈተለ ሱፍ ላይ ግን ደማቁና ፈዛዛው ሲበጠር ይቀላቀላል። እንዲያውም ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ሱፍ አብራችሁ ብታበጥሩ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል፣ ቀረብ ሲሉት ግን ሁለቱም ቀለሞች የሚታዩበት ክር ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ክር በመግዛት የሚገኝ አይደለም።

መፍተል የማትፈልጉ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለም። ነጭ የሱፍ ክር ገዝታችሁ ከማስያዣው ክፍል ጀምሩ። ክሩ እንዳይወሳሰብ ሰፋ ባለ ቀለበት ጠቅልላችሁ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ከማሰሪያው ሥር ቀለም አይገባም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከ10 እስከ 12 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ወይም ኢናሜል የተለበጠ ድስት ያስፈልጋል። ተራ የብረት ድስት ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ መዳብም ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ለጀማሪ አይመቹም። ድስቱ ከዚህ በኋላ ለምግብ አይሆንም። ማማሰያውም፣ ወንፊቱም፣ ባልዲውም እንደዚሁ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፤ ዕቃዎቹን ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የጎማ ጓንት፣ የመረብ ከረጢት፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ያስፈልጋል። ቴርሞሜትሩን እንዳትዘሉት። ሱፍን የሚያበላሸው የሙቀት ድንገተኛ ለውጥ ነው፣ እጅ ደግሞ 60 እና 80 ዲግሪን አይለይም።

ለማስያዣ የሚሆን አሉም ያስፈልጋችኋል። አሉም ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት ወይም ድንጋይ ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ይባላል። ከእሱ ጋር የሚገባው ክሪም ኦፍ ታርታር ዳቦና ኬክ ጋጋሪዎች የሚያውቁት ነው። ዱቄቱን ስትመዝኑ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መስኮትም ክፈቱ።

እጥበት

ጥሬውን ሱፍ ጨርቅ ላይ ዘርጉና በብርሃን እዩት። በጠጥ የነካውን፣ የተቋጠረውን፣ እሾህና ገለባ የበዛበትን ዳር ዳሩን እየነቀላችሁ ጣሉ። አትሳሱለት። መጥፎው ሱፍ ታጥቦም ተነክሮም መጥፎ ነው።

ከመታጠቡ በፊት የሱፍን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዷ የሱፍ ጠጉር ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት አንድ ላይ ሲመጡ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዴ ከተያያዙ አይላቀቁም። ሱፉ ተጠቅጥቆ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ይሆናል። ስለዚህ ሱፍ ሲታጠብ አይታሽም፣ አይጨመቅም፣ የቧንቧ ውሃም በቀጥታ አይለቀቅበትም። ይነከራል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል። በቃ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ሱፉን በመረብ ከረጢቶች ከፋፍላችሁ፣ ሳታጨናንቁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ውሃው እንደ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አቧራውና የበጉ የላብ ጨው የሚለቀው በዚህ ነው።

2. ሰፊ ሳፋ ውስጥ 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ሙሉና ሳሙናውን ጨምሩ። ሳሙናው ከውሃው በኋላ ይግባ፣ አረፋ እንዳይበዛ። ከረጢቱን ቀስ አድርጋችሁ አስምጡትና 20 ደቂቃ ተዉት። አትንኩት።

3. ውሃው በጣም ሳይቀዘቅዝ አውጡት። ይህ ዋናው ምሥጢር ነው። የበግ ስብ፣ ማለትም ላኖሊን፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። ውሃው ከዚያ በታች ሲወርድ የቀለጠው ስብ ተመልሶ ሱፉ ላይ ይለጠፋል። እኔ የዚያን ቀን የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሥራ ይዞኝ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ረስቼው ነበር።

4. ተመሳሳይ ሙቀት ባለው አዲስ የሳሙና ውሃ ድገሙት። እንደ በጉ ዘር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። ስብ የበዛበት ለስላሳ ሱፍ ሦስቱንም ይፈልጋል።

5. በመጨረሻ ሳሙና በሌለው ሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። እዚህም ሙቀቱ በድንገት አይውረድ።

ውሃውን ከረጢቱን ጫን ጫን በማድረግ ብቻ አውጡ፤ መጠምዘዝ የለም። ከዚያ ወንፊት ወይም መረብ ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ሲደርቅ አንድ ዘለላ መዛችሁ በጣታችሁ እሹት። ደረቅና ለስላሳ ከሆነ አበቃ። የሚጣበቅ ከሆነ እንደገና ይታጠብ። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ያልሠራችሁትን ቀለሙ አይሠራላችሁም።

አሁን መዝኑት። ክብደቱ በጣም ቀንሶ ብታገኙት አትደንግጡ። እንደ በጉ ዘርና እንደ አያያዙ ከጥሬ ሱፍ ክብደት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ስብ፣ ላብና ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ከግማሽ ኪሎው 300 ግራም ንጹሕ ደረቅ ሱፍ ቀረልን እንበል። ይህን ቁጥር ጻፉት። ከዚህ በኋላ ማስያዣውም ቀለሙም የሚሰላው በዚህ፣ በደረቁ ሱፍ ክብደት ነው። የውሃው ብዛት ቀለሙን አይለውጠውም። ሱፉ ሳይጨናነቅ እንዲንሳፈፍ ብቻ ይብቃው።

ማስያዣ

አብዛኛው የዕፅዋት ቀለም ብቻውን ከሱፍ ጋር በደንብ አይጣበቅም። መሐል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኝ ይፈልጋል። አሉም የሚሠራው ይህን ነው። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም አንድ እጁን ለሱፉ፣ አንድ እጁን ለቀለሙ ሰጥቶ ያስራቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛሉ የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ኮምጣጤ የውሃውን አሲድነት ይለውጣል፣ በዚህም አንዳንድ ቀለሞችን ይቀይራል። ጨውም በአንዳንድ ማቅለሚያዎች ላይ ሥራ አለው። የአሉምን ቦታ ግን ሁለቱም አይተኩም። በዚህ ምክር ተማምነው የነከሩትን ሱፍ ከሁለት እጥበት በኋላ ነጥቶ ያገኙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ልፋቱ ያው ነው።

ለ100 ግራም ሱፍ 15 ግራም አሉምና 6 ግራም ክሪም ኦፍ ታርታር ይበቃል። ለእኛ 300 ግራም 45 ግራም አሉምና 18 ግራም ክሪም ኦፍ ታርታር ማለት ነው። አሉሙ ሲበዛ ቀለሙ አይደምቅም፤ ሱፉ ይጣበቃል እንጂ።

ሱፉን መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ደረቅ ሱፍ ድስት ውስጥ ከገባ ማስያዣውን እኩል አይጠጣም። ሁለቱን ዱቄቶች ለየብቻ በሙቅ ውሃ አሟሙና ለብ ያለ ውሃ በያዘው ድስት ውስጥ ጨምሩ፣ አማስሉ። የራሰውን ሱፍ አስገቡ። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 80 ዲግሪ አድርሱት። እዚያ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ይቆይ። እንዳይፈላ። አልፎ አልፎ በማማሰያ ገፋ ገፋ ማድረግ ይበቃል። እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ድስቱ ውስጥ አሳድሩት።

ጠዋት አውጥታችሁ በቀስታ አንዴ አለቅልቁት። ወዲያው መንከር ይቻላል፤ አድርቆ ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥም ይቻላል። ካስቀመጣችሁት ወረቀት ላይ «አሉም ያለው» ብላችሁ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ፣ ምክንያቱም ከደረቀ በኋላ በዓይን አይለይም።

ክሮም፣ ቆርቆሮና መዳብ የሚጨምሩ የቆዩ አሠራሮች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። በእነሱ የሚያምር ቀለም ይገኛል፣ አልክድም። ግን መርዛማነታቸው ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚገባ አይደለም። እኔ አልነካቸውም።

ቀለሙ

300 ግራሙን በሦስት እንከፍለዋለን። 100 ግራሙን ለሽንኩርት ልጣጭ፣ 100 ግራሙን ማደር ለምትባል ቀይ ቀለም የምትሰጥ ተክል ሥር፣ የቀረውን 100 ግራም ደግሞ በልጣጭ ነክረን በብረት እናጠቁረዋለን። ይህ ወርቃማ፣ ቀይና የወይራ ፍሬ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ይሰጠናል። ሦስቱ አብረው ሲሆኑ በጣም ይስማማሉ።

ከልጣጩ እንጀምር። የቀይ ሽንኩርት ደረቅ የላይኛው ልጣጭ በነፃ የሚገኝ፣ ጀማሪን የማያሳፍር ቀለም ነው። ለ100 ግራም ሱፍ 100 ግራም ደረቅ ልጣጭ ያዙ። ልጣጩ በጣም ቀላል ስለሆነ ብዙ ይመስላል፤ አንድ ትልቅ ከረጢት ያህል ነው። ስለዚህ ከወራት በፊት ማጠራቀም ጀምሩ። ወርቃማ ቡናማው ልጣጭና ወይን ጠጅ መልክ ያለው ልጣጭ የሚሰጡት ቀለም ስለሚለያይ ለየብቻ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ወርቃማው ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይሰጣል። ሌላኛው ወደ አረንጓዴነት ያደላል።

ለሁለቱ 100 ግራሞች 200 ግራም ልጣጭ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በጨርቅ አጥልሉት። ልጣጩ ከሱፉ ጋር ድስት ውስጥ ከገባ ለቅሞ ማውጣቱ ቀን ይፈጃል። የተጠለለው ውሃ ለብ እስኪል ጠብቁና የራሰውን፣ አሉም የጠጣውን ሱፍ አስገቡ። እንደገና ያው ሥርዓት ነው፦ በቀስታ፣ በ45 ደቂቃ ገደማ ወደ 80 ዲግሪ፣ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እዚያው መቀዝቀዝ። በውሃ ውስጥ ያለ ሱፍ ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፤ ሲደርቅ አንድ ሁለት ደረጃ ይፈዛል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ትንሽ ጠቆር ሲል አውጡት።

ማደር ረዥም ቀይ ሥር ያላት ተክል ናት። ቀዩ ቀለም የሚገኘው ከሥሯ ነው። ሰዎች ለሺህ ዓመታት ቀይ የነከሩባት እሷን ነው። ጠባይዋ ግን ከሽንኩርት ልጣጭ ይለያል፤ ሙቀት አትወድም። ከ70 ዲግሪ በላይ ስትሞቅ በውስጧ ያለው ቡናማ ቀለም አብሮ ይወጣና ቀዩን ያደበዝዘዋል። የተፈጨ ሥር 100 ግራም ለ100 ግራም ሱፍ ይዛችሁ፣ ዱቄቱን በጠባብ መረብ ወይም በቀጭን ጨርቅ ቋጥራችሁ በለብታ ውሃ አሳድሩት። በማግሥቱ ቋጠሮውን ሳታወጡ ሱፉን አስገቡ። ሙቀቱን ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ያዙት። ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ቴርሞሜትሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ዞር ብትሉ ቀዩ የጡብ ቀለም ሊሆን ይችላል። ማደር በውሃ ውስጥ ያለ ካልሲየም ትወዳለች። የቧንቧ ውሃችሁ ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ቀያችሁ ይደምቃል። የዝናብ ውሃ ከሆነ ግን አንድ ቁንጥር የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ጨምሩበት።

ቀለሙ የቀረውን ውሃ አትድፉት። ሌላ ሱፍ ብታስገቡበት የመጀመሪያው ወንድም የሚመስል ፈዛዛ ቀለም ይሰጣል። ከማደር ሁለተኛ ውሃ የሚገኘው ኮክ የመሰለ ሮዝ ከቀዩ ይልቅ ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ።

ብረቱ ደግሞ እንዲህ ነው። 2 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ ማለትም የብረት ጨው፣ በሙቅ ውሃ አሟሙና ለዚህ ብቻ በለያችሁት ድስት ወይም ባልዲ ውስጥ ባለ ለብታ ውሃ ጨምሩ። ከልጣጩ የወጣውን ሁለተኛውን 100 ግራም አስገቡ። ዓይናችሁ እያየ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይዞራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። መጠኑን አትጨምሩ፣ አታቆዩትም፤ ብረት ሲበዛ ሱፉን ያሻክረዋል፣ ውሎ አድሮም ጠጉሩ ይሰባበራል። በደንብ አለቅልቁት። ፌረስ ሰልፌት ልጅ ቢውጠው አደገኛ ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ። በዚህ ድስት ውስጥ ሌላ ቀለም አትንከሩ፤ የቀረች ጠብታ ብረት ቢጫውን ሁሉ ታደበዝዛለች።

ስለ ሌሎች ቀለሞች ጥቂት

የዋልነት አረንጓዴ የውጭ ልጣጭ ያለ ምንም ማስያዣ ጥልቅ ቡናማ ይሰጣል። እጅንም እንደዚያው ለሳምንት ያቀልማል፣ ጓንት አትርሱ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ማስያዣ አይፈልግም። እንደ ዛፉ ዓይነት ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይሰጣል፣ ግን ረዘም ላለ ሰዓት መቀቀል አለበት። ኮቺኒል ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚገኝ ቀይ ነው። በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ለ100 ግራም ሱፍ ከ5 እስከ 10 ግራም ይበቃል።

እርድ ያጓጓል። ቢጫው ዓይን ይስባል፣ ማስያዣም አይጠይቅም። ፀሐይ ግን አይችልም። ሳሙና ሲነካውም ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። የምንበላው ቀይ ሥርና የቤሪ ፍሬዎችም በድስቱ ውስጥ የሚያምሩትን ያህል ሱፍ ላይ አይቆዩም። ጥሩ ታጥቦ ማስያዣ የጠጣ ሱፍ በእነሱ ላይ ባታጠፉት እመክራለሁ።

ሰማያዊ የፈለገ ሰው ኢንዲጎ ወደሚባለው ከዕፅዋት የሚገኝ ሰማያዊ ቀለም መሄድ አለበት። ኢንዲጎ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። በውሃ አይሟሟም። እንዲሟሟ ውሃው ትንሽ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ እንዲሆን ማድረግና ኦክስጅኑን ማውጣት ያስፈልጋል። ያኔ ውሃው ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። ሱፉ ሲወጣም አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ አየር ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አጠገቤ የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ። ሱፍ ኃይለኛ አልካላይ ስለማይችል ፒኤቹ፣ ማለትም የአልካላይነቱ ልክ፣ 9 ገደማ፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ጥቂት ሥራዎች ከሠራችሁ በኋላ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ኢንዲጎ ሞክሩ። በሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ የሆነ ሱፍ በኢንዲጎ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው አረንጓዴ ከየትኛውም ቅጠል አይገኝም።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የዓለም ጨርቅ በአብዛኛው የሚነከረው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ተማሪ የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር ሳያስበው ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። የፋብሪካ ቀለም ዘመን የተጀመረው በዚያ ነው።

ማለቅለቅ፣ ማድረቅና መፈተን

የተነከረው ሱፍ ከድስቱ ውሃ ጋር እኩል በሆነ ሙቀት ይለቀለቅ። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ። ለመጨረሻው እጥበት ለስላሳ ሳሙና ጠብታ ጨምሩ፤ ያልያዘው ቀለም ይውጣ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ዘለላ ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ እሰሩ። አጠገቡ የሱፉን ክብደት፣ የማስያዣውን ልክ፣ የቀለሙን ልክ፣ ሙቀቱንና ቀኑን ጻፉ። የወደዳችሁትን ቀለም እንደገና ማግኘት የምትችሉት በዚህ ካርቶን ነው።

ሌላ ካርቶን ላይ ደግሞ ዘለላዎቹን አስረዝማችሁ ጠምጥሙና ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍኑት። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ወረቀቱን ስታነሱ የትኛው ቀለም እንደጸና፣ የትኛው እንደሸሸ በግልጽ ታያላችሁ። ሹራብ ለመሥራት ወራት የሚፈጅ ሰው ይህን ሦስት ሳምንት ቢታገሥ አይከስርም።

ማበጠርና መፍተል

ሱፍ ማበጠሪያ ማለት ጥቃቅን የታጠፉ የሽቦ ጥርሶች ያሏቸው ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ናቸው። በአንዱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ሱፍ ዘርጉ፣ በሌላው በቀስታ ሳቡ። ጥርሶቹ እርስ በርስ እንዲነክሱ አትጫኑ። ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ አንሱና እንደ ጥጥ ባዘቶ ጠቅልሉት። ቀለም መቀላቀል የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱን ቀለሞች በስሱ ደራርባችሁ አበጥሩ። ብዙ ካበጠራችሁት አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል፤ ቶሎ ካቆማችሁ ደግሞ ዝንጉርጉሩ ይቀራል። እኔ ቶሎ ማቆም እመርጣለሁ።

መፍተልን በጽሑፍ ማስተማር ይከብዳል፤ እጅ ነው የሚማረው። መሠረቱ ግን ቀላል ነው። ባዘቶውን በእንዝርቱ ላይ ካለው ክር ጫፍ ጋር አያይዛችሁ እንዝርቱን ወደ ቀኝ አሹሩት። ሁለት ጣቶች ሱፉን ስስ አድርገው ይስባሉ፣ የሌላው እጅ ሁለት ጣቶች ሽክርክሪቱ ወደ ላይ እንዳያልፍ ይይዛሉ። መጀመሪያ ሱፉን ሳቡ፣ ከዚያ ሽክርክሪቱን ልቀቁለት። ክሩ ቢበጠስ ሽክርክሪት አንሶታል። እየተጠመጠመ ከተቋጠረ በዝቶበታል። ሁለት ልቃቂት ሲሞላ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ በተቃራኒው፣ ወደ ግራ፣ አሹሯቸው። ድርብ ክር ይወጣል። ይህ ክር አይጣመምም፣ ጠንካራም ነው። በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አንጠልጥላችሁ አድርቁት፤ ሽክርክሪቱ ይረጋል።

ሻርፑን መሥራት

በእጅ የተፈተለ ክር ቦታ ቦታ ላይ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ረዣዥም ጌጥ ያለው ንድፍ አትምረጡ። ሁሉንም መስመር በአንድ ዓይነት አሠራር የሚሄድ ሻርፕ ክሩንም ቀለሙንም ያሳያል።

መካከለኛ ውፍረት ላለው ድርብ ክር 5.5 ወይም 6 ሚሊሜትር የሹራብ መሥሪያ መርፌ ይሆናል። መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ቀለበት ዓይን እንበላት። መጀመሪያ 20 ዓይን ጀምራችሁ ሙከራ ሥሩ፤ 10 ሳንቲሜትር ሲደርስ ዝጉት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ከዚያ በማስመሪያ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። ሳይታጠብ መለካት ያታልላል፣ ምክንያቱም በእጅ የተፈተለ ሱፍ ሲታጠብ ያብጣል። 15 ዓይን ካገኛችሁ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ሻርፕ 30 ዓይን ያስፈልጋል። ቁጥራችሁ ከተለየ በራሳችሁ ቁጥር አስሉ።

30 ዓይን ጀምሩ። አሠራሩን ለማያውቅ፦ የቀኙን መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በመጀመሪያዋ ዓይን ውስጥ አስገቡ፣ ክሩን በመርፌው ጫፍ ላይ ጠምጥሙ፣ የተጠመጠመውን በዓይኗ ውስጥ ወደ ፊት ሳቡት፣ አሮጌዋን ዓይን ከግራው መርፌ አውርዷት። መስመሩ ሲያልቅ መርፌዎቹን ቀያይሩና ድገሙ። ሁለት መስመር ስትሠሩ አንድ ጎላ ያለ ሸንተረር ይታያል። ስንት መስመር እንደሠራችሁ ለማወቅ ሸንተረሩን ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በየጊዜው ዓይኖቹን ቁጠሩ፤ 31 ከሆኑ ክር በመርፌው ላይ ሳታስቡ ተጠምጥሟል፣ 29 ከሆኑ አንዷ አምልጣለች።

ቀለም ስትቀይሩ ሁልጊዜ በመስመር መጀመሪያ ላይ ይሁን። የሁለቱንም ክር ጫፍ 15 ሳንቲሜትር ያህል አስረዝማችሁ ተዉትና በኋላ በወፍራም መርፌ በጀርባው ሰክታችሁ ደብቁት። የቀለሞቹን ስፋት እኩል ለማድረግ አልጨነቅም። ወርቃማውን ሰፋ፣ ቀዩን ጠበብ፣ ጥቁር አረንጓዴውን በሁለቱ ጫፍ አደርጋለሁ። ርዝመቱ 150 ሳንቲሜትር ሲደርስ ወይም ክሩ ሊያልቅ ሲል ዝጉት። ስትዘጉ እጃችሁን አላሉት፤ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁ ጫፉ ይሰበሰባል።

ያለቀውን ሻርፕ ለብ ባለ ውሃና በሱፍ ሳሙና 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ተራ የልብስ ሳሙና አልካላይ ስለሆነ አንዳንዶቹን ቀለሞች ይቀይራል። መጀመሪያ ሲታጠብ ትንሽ ቀለም ውሃው ላይ ቢታይ አያሳስብም። ፎጣ ላይ አስተኝታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉትና በጉልበታችሁ ጫን በሉት፣ ውሃው ፎጣው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ዳር ዳሩን በእጃችሁ እያስተካከላችሁ አስተኙት። አትስቀሉት፤ እርጥብ ሱፍ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ እዚያው ይቆይ።